የጋሽ አይዞህ መኪና ሞተር ለምን ይጠፋ ነበር

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከበር እስከ ቢሮዎ ያሉት ሠራተኞችዎ፣ እንዲሁም በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ብቻዋን የምትቆመው አዲሷ መኪናዎ ሁላችሁም ደኅና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ስጠብቀው ከርሜያለሁና። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ ከመላክ ይልቅ በአደባባይ ማውጣቱን የመረጥኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን ጸሐፊዎ እንደገና «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች እንዳትቸገር አስቤላት ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ዕድሜዬን ሙሉ በጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ለብዙ ኃላፊዎች ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ በራሴ ስም የማወጣው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ተማሪው ፍሪሲዮን ቶሎ ለቆ ሞተሩ በጠፋበት ቁጥር «አይዞህ፣ እንደገና አስነሳ» ይል ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ አይዞህ ይለዋል። የሚያስተምርባት መኪና የራሱ ነበረች፤ ከልጆቻችን በፊት ቤታችን የገባች፣ ልጆቻችንም አድገው ከወጡ በኋላ አብራን የቀረች አሮጌ መኪና ናት።

ሳንባው ከደከመ ወዲህ ባለቤቴ ያለ ኦክስጅን ሲሊንደር ከቤት አይወጣም ነበር። ሐኪሙ ከሚገባው በላይ ሐቀኛ ሰው ስለነበሩ ብዙ ጊዜ እንደሌለው ነገሩን። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ እትዬን ማየት። እትዬ የሚላቸው ታላቅ እህቱን ነው። እናታቸው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞቱ አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ከከተማው ርቆ፣ አስፋልቱ አልቆ አቧራው በሚጀምርበት በኩል ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ እሳቸው ወደ እኛ መምጣት አይችሉም። አውቶቡሶቹ ሲሊንደሩን ሲያዩ አንጭንም አሉን፤ አምቡላንስ ደግሞ ለሕመም እንጂ ለናፍቆት አይላክም። የቀረችን ያቺው መኪና ነበረች። እሷም ከከተማ ለመውጣት ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋት ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ያደረገልን ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ መኪናችንን ስለጣላችኋት አመሰግናለሁ። ይህን ስል ከልቤ ነው። መኪናዋን እኔ ነድቼ ያመጣኋት ዕለት ምርመራው መስመር ላይ ነጭ ካፖርት የለበሱት መርማሪ «ቁሚ» ሲሉኝ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንዴ እንደማስነጠስ አለና ጠፋ። እንዲህ ያለች መኪና መስቀለኛ መንገድ መሐል ብትቆም ሰው ታስጨርሳለች፤ በዚህ መርማሪውን አልወቅስም። ነገር ግን ምን ሆና ይመስልዎታል ብዬ በትሕትና ብጠይቃቸው «እናቴ፣ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም የሚለው ነው የኛ ሥራ፤ ለምን እንደሚጠፋ መፈለግ የእናንተ ነው» አሉኝና ወደሚቀጥለው መኪና አለፉ። ስለዚህች አጭር መልስ በተለይ አመሰግናለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር የመጨረሻዎቹን መልካም የከሰዓት በኋላ ጊዜያት ያሳለፍኩት በእሷ ምክንያት ነውና።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ እነዚያው የከሰዓት በኋላ ጊዜያት ነው፤ ትንሽ ስለሚረዝም ይታገሡኝ።

መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ምንም አትልም ነበር። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ልክ እንደ ጤነኛ ትሠራለች። ከሞቀች በኋላ ነው ጉዱ፤ መብራት ላይ ስትቆም ሚኒሞዋ ይወርዳል፣ መሪው እጄ ውስጥ ይርገፈገፋል፣ ከዚያ ጸጥ። ሚኒሞ፣ ከሥልጣን ብዛት ረስተውት እንደሆነ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ የሚቆይበት ዝቅተኛ ዙር ነው። መጀመሪያ የሰፈራችን መካኒክ መጥቶ ካንዴላዎቹን ቀየራቸው፤ ለውጥ የለም። የቤንዚኑን ፊልትሮ አወጣ፤ እውነትም ቆሻሻ ነበረበት፣ ጠረግነው፣ ትንሽ ተሻላት መሰለን፣ ተመልሳ ያው ሆነች። በመጨረሻ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀው ካርቡራተር ላይ ያለችውን ቡሎን አጥብቆ ሚኒሞውን ከፍ አደረገውና «አሁን አትጠፋም» ብሎ እጁን ጠረገ። እውነቱን ነው፣ አልጠፋችም፤ ግን ቆማ ሳለች እንኳ የተቆጣ ሰው ይመስል ትጮህ ነበር።

ባለቤቴ በረንዳው ላይ ወንበሩ ውስጥ ሆኖ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ይሄ እኮ የሚጮህ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው እንደማለት ነው። ዝቅ ብላ ካልቆመች አልዳነችም» አለ። መካኒኩ ሌላ ሥራ ነበረበትና ሄደ። ባለቤቴም ወደ እኔ ዞረና «ኮፈኑን ክፈቺው» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በዘመኔ የጽሕፈት መኪና ሪባን ቀይሬ እንደሆነ እንጂ የሞተር ነገር ነክቼ አላውቅም። እሱ ደግሞ ከወንበሩ መነሳት አይችልም። ስለዚህ ጆሮው የሱ፣ እጁ የኔ ሆነ። መኪናዋን ከበረንዳው ጋር አስጠግቼ አቆማታለሁ፣ እስክትሞቅ አስነስቼ እጠብቃለሁ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። እኔ ወሬ ስጀምር «ቆይ፣ አንቺ ዝም በይ፣ እሷ ታውራ» ይለኛል። ተጋብተን ስንኖር በእንግድነት ካልሆነ በቀር ያን ያህል ሰዓት ጎን ለጎን ዝም ብለን ተቀምጠን አናውቅም። እጄ ጥላሸት በጥላሸት ሆኖ ሲያይ «አሁን ገና ሚስት ሆንሽ» ብሎ ስቆብኝ፣ ሳቁ ሳል ሆኖበት ደንግጬ ሮጬ ነበር።

አንድ ከሰዓት ላይ «ፉጨት ይሰማኛል» አለኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። «ሲሊንደርህ ነው የሚያፏጨው» አልኩት። አሰበና፣ ሳልከለክለው እጁን ሰድዶ የገዛ ኦክስጅኑን ዘጋው። ተቆጣሁት፤ በጣቱ ዝም እንድል ምልክት ሰጠኝና አንገቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ቀረ። ከንፈሩ እየጠቆረ ነበር። «አለ፤ ከወደ ፍሬኑ በኩል ነው» ሲለኝ ነው ኦክስጅኑን መልሼ የከፈትኩት። የሱ ፊት ግን ዕቃ ጠፍቶበት እንዳገኘ ሰው በርቶ ነበር።

ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ የሚሄድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ። እሱ እንደነገረኝ ጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ቆነጠጥኩት። ወዲያው ሞተሩ ዙሩን አነሳና መርገፍገፉ ቆመ። ለቀቅኩት፣ ተንቀጠቀጠ፤ ቆነጠጥኩት፣ ተረጋጋ። ቱቦውን አውጥቼ ሳየው እጥፋቱ ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ጥፍር የማትገባበት ስንጥቅ ነበረችበት። ባለቤቴ እያረፈ፣ እየተነፈሰ አስረዳኝ። ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን በዛ አድርጎ ስለሚጠጣ በስንጥቋ የሚገባው አየር አይታወቀውም፤ ሲሞቅ ቤንዚኑ ይቀነስና ያው አየር ይበዛበታል፣ ያንቀዋል። ከዚያ «እኔ አየር አጥቼ፣ እሷ አየር በዝቶባት፤ ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ?» አለኝ። አብረን ሳቅን። እኔ ኮፈኑ ውስጥ አንገቴን ቀብሬ ሳቄን ጨረስኩት፤ ፊቴን እንዲያይ አልፈለግኩም።

አዲስ ቱቦ ገጠምን፣ መካኒኩ ያጠበቃትን ቡሎን ወደ ቦታዋ መለስን። መኪናዋ ስትቆም ድምፅዋ እስከ አጥሩ እንኳ የማይሰማ ሆነች። «አሁን ውሰጃት» አለኝ።

፫. ሦስተኛ፣ ለሁለተኛው ጉዞዬ ስላደረጋችሁልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። ከበር ጀምሮ «ሞተር ሳይሞቅ አይመረመርም፣ እንዳታጠፉ» ተባልን፤ ታዘዝን። ተራችን ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተባልን፤ እሱንም ታዘዝን። ሲስተሙ የት እንደሄደ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ መቼ እንደሚመለስም አልተናገረም መሰለኝ። ብዙዎቹ ቤንዚናቸው አሳዝኗቸው አጠፉ። እኔ ግን አላጠፋሁም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ቆማ፣ መኪናዋ ከፊትና ከኋላ ካሉት አዳዲስ መኪኖች መሐል ሆና፣ አንዴ እንኳ ሳትርገፈገፍ ቆየች። እኮራባት ጀመር። ባለቤቴን ደውዬ ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስጠጋሁለት። ረጅም ጊዜ ምንም አላለም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሰማህ ወይ?» አልኩት። «እየሰማሁ ነው፤ ተይኝ» አለኝ። ከበስተኋላው ሲሊንደሩ ሲያፏጭ እሰማ ነበር። ሲስተሙ ግን አልመጣም፤ በሩ ሲዘጋ ወደ ቤት ተመለስን።

በሌላ ቀን መጥቼ፣ ያው ነጭ ካፖርት የለበሱት መርማሪ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች መረመሯት። መስመሩ ላይ «ቁሚ» አሉኝ፤ እግሬን አነሳሁ፤ ጆሯቸውን አዘንብለው «አለ እንዴ?» አሉኝ። «አለ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዳመጡና «ከእኔው መኪና ይሻላል» አሉ። ምን እንደነበረባት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ወረቀቷን አሳልፈው የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ።

፬. ለዚህም ለፊርማዎ አመሰግናለሁ፤ ስላላየሁት ግን ምን እንደሚመስል ማድነቅ አልቻልኩም። ጸሐፊዎ ክቡርነትዎ ሥልጠና ላይ እንደሆኑ ነገረችኝ። የሥልጠናውን ርዕስ ስጠይቃት አፍራ ቀስ ብላ «ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ነው» አለችኝ። ሌላ የሚፈርም ሰው አይኖርም ወይ ብላት ውክልና እንዳልሰጡ ነገረችኝ። ከሥልጠናው ሲመለሱ የመስክ ጉብኝት ነበረብዎ፤ ከጉብኝቱ ሲመለሱ ስብሰባ ነበረብዎ። ምክትልዎ ስለ መኪናዋ ጤንነት ምንም ጥርጥር እንደሌላቸው፣ ነገር ግን እጃቸው እንደታሰረ በጣም አዝነው ገለጡልኝ። እጃቸው ላይ የሻይ ብርጭቆ ነበር።

በዚህ መሐል ባለቤቴ እየከሳ ሄደ። «ዝም ብለን እንሂድ፣ መውጫው ላይ ቢያቆሙን እለምናቸዋለሁ» አልኩት። አሻፈረኝ አለ። «ስንቱን ሰው በሕግ ንዳ ብዬ አስተምሬ፣ አሁን ያለ ወረቀት ልውጣ? ደግሞም ኃላፊው እኮ የኔ ተማሪ ነው፤ ይፈርምልናል» አለኝ።

ረስተውት ይሆናል ክቡር ሆይ፣ መንዳት የተማሩት በዚህችው መኪና ነው። እሱ ግን አልረሳዎትም። ዳገቱ ላይ ፍሪሲዮን እየለቀቁ ሞተሩን ደጋግመው ሲያጠፉ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ጥሩንባ ሲነፋብዎ፣ እንባዎ ሊመጣ ደርሶ እንደነበር ነግሮኛል። ለነቀፋ ሳይሆን በፍቅር ነው የነገረኝ፤ «ያ ዳገት የሚያስቸግረው ልጅ እኮ ትልቅ ቦታ ደረሰ» እያለ ለጠያቂዎቹም ያወራ ነበር። እንዲጠብቅ ያደረገው በእርስዎ ላይ ያለው እምነት ነው። እኔ ያን እምነት ልነጥቀው አልደፈርኩም። ልብሱን አጣጥፌ በቦርሳ አዘጋጅቼለት፣ ቦርሳው አልጋው ሥር ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ?» ይለኛል። «ዛሬ ሳይሆን አይቀርም» እለዋለሁ።

አንድ ጠዋት አልጠየቀኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር አላስገባሁትም፤ ጽሕፈት ቤትዎ ምንም ድርሻ የለበትምና።

ለእትዬ በስልክ መርዶ እንዳይነገራቸው ዘመድ ሁሉ ተስማማ፤ ብቻቸውን ናቸው፣ ልባቸውም ደካማ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሌላው ሲያመነታ እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ሕጉን ጥሼ ያለ ማረጋገጫ ከከተማ መውጣቴን እዚሁ ላይ አረጋግጥልዎታለሁ፤ መክሰስ ካስፈለገ አድራሻዬን መዝገብ ቤትዎ በደንብ ያውቀዋል። መውጫው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ወረቀቱን ጠየቀኝ፤ የለኝም አልኩት። ጥቁር ልብሴን አየና «ማን ሞቶብሽ ነው እናቴ?» አለኝ። ነገርኩት። ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብሎ ባዶውን ወንበር አየና «ሂጂ፤ ቀስ ብለሽ ንጂ» አለኝ። ሥልጠና የወሰደ አይመስለኝም።

መንገዱን ሁሉ መኪናዋ አንዴ አልጠፋችም። ከብት ሲያቋርጥ ቆምኩ፣ ድልድይ ላይ ቆምኩ፣ እያለቀስኩ መንገዱ አልታይ ሲለኝ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ ዝቅ ባለ ድምፅዋ እየጠበቀችኝ ቆየች። ጤናዋ አናደደኝ። ምነው አሁን ብትጠፋ፣ ምነው የምደርስበት ቤት ባይኖር ያልኩበት ጊዜ ነበር።

የእትዬ ቤት በር ላይ ስደርስ ገና ሞተሩን ሳላጠፋ የቆርቆሮው በር ተከፈተ። እትዬ በትራቸውን ይዘው እየቸኮሉ ወጡ። ዓይናቸው ሰው ባይለይም የዚህችን መኪና ድምፅ ከሩቅ ይለዩታል፤ እሱ በመጣ ቁጥር ደጅ ሆነው የሚቀበሉት እንደዚያ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅኩት። ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አላጣፉም። ፊታቸው ሁሉ ሳቅ ነበር።

«መጣህ? ኧረ መጣህ?» እያሉ መኪናዋን በእጃቸው እየዳበሱ ዞሩ፤ እኔ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከእኔ ጎን ያለውን በር ከፈቱ። እጃቸውን ወንበሩ ላይ ሰደዱ፣ መደገፊያውን ዳሰሱ፣ ከዚያ መቀመጫውን። እኔን ሳይጠይቁ ደጋግመው ዳሰሱት። ተኝቷል እንዳይሉ ወንበሩ ባዶ ነው። ሞተሩ ይሠራል። እትዬ መዳፋቸውን ባዶው መቀመጫ ላይ አኑረው ብዙ ቆዩና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «በይ አጥፊው፣ ልጄ» አሉኝ።

አጠፋሁት።

እትዬን ይዣቸው ተመለስኩ። በእሱ ወንበር ተቀምጠው መጥተው መቃብሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አሁን ከእኔ ጋር ናቸው። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን አስነሳላቸዋለሁ፤ እሳቸው በረንዳው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ።

ክቡር ሆይ፣ መኪናችን ላይ የነበረውን ችግር በትዕግሥት ፈልገን አግኝተነዋል፤ የጽሕፈት ቤትዎን ግን ከውጭ ሆኖ በጆሮ ማግኘት ከአቅሜ በላይ ነው። በእኔ በኩል የምለምነው ትንሽ ነው። በማይኖሩበት ጊዜ የሚፈርም አንድ ሰው ይወክሉ። በዚያ ሰልፍ ላይ ከእኔ በኋላ የቆሙት ሰዎች ለምን እንደሚቸኩሉ አልጠየቅኳቸውም፤ እርስዎም ባይጠይቋቸው ግድ የለም፣ ብቻ ይፈርሙላቸው።

ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ባሉት ወንበሮችዎ ሁሉ ላይ ተራ በተራ በመጠበቅ የተከበርኩ፣ ለሥልጠናዎ ፍሬያማነት ዘወትር የምጸልይ፣ በትዕግሥቴ ላይ ያለዎትን ታላቅ እምነት እስከ መጨረሻው ያላሳፈርኩ፣

የጋሽ አይዞህ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከጽሕፈት ቤትዎ ተደወለልኝ። ማረጋገጫው ተፈርሟል፤ ነገር ግን በተወካይ ስለማይሰጥ ባለንብረቱ በአካል ቀርቦ እንዲወስድ ተነግሮኛል። ባለንብረቱ ለጊዜው መንቀሳቀስ ስለማይችል ወረቀቱን ይዘው ብቅ ቢሉ ያገኙታል፤ የመቃብሩ ጥበቃ ቦታውን ያሳይዎታል። ዳገት አለው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ።